የሚሰበረው በማን ሂሳብ ነው? የሐርጌሳ የጉዞ ማስታወሻ

ሐርጌሳ ውስጥ 26 ጁን የሚባለውን ወረዳ በእግር ሲዞሩት ሁሉም ነገር በግንባታ ላይ ያለ ይመስላል። አንዱ ጋ መሠረት ይቆፈራል፣ ሌላው ጋ ሶሌታ ይሞላል፣ ማዶ ያለቀለት ሆቴል ሰማያዊ መስታወቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆሟል። መሪያቸው በቀኝ የሆነ ቪትዞች የመንገዱንም ቀኝ ይዘው ይሽሎከሎካሉ፤ ፍየሎች ካርቶን እያኘኩ በመሀል ያቋርጣሉ። ከስካፎልዶቹ ላይ የሚመጣው ድምፅ ግን ለአገሬ ሰው እንግዳ አይደለም። «ውሃ ጨምርበት!» «ቱንቢውን ልቀቅ!» ይባላል በአማርኛ፤ ቀጥሎ ካለው ሕንፃ ላይ ደግሞ በኦሮምኛ።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ደመወዝ እስኪያገኝ ድረስ ባለው ጊዜ ምን ይሆናል? ማንስ ይይዘዋል? ይህን በአዲስ አበባም፣ በደሴም፣ በባሕር ዳርም መጠየቅ ይቻል ነበር። ወደ ሐርጌሳ የሳበኝ፣ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣው የአገሩ ልጅና ያለ አንዳች ወረቀት ሥራ ያገኘው የእኛ ልጅ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ የሚገናኙ መሆናቸው ነው።

ወረዳው ስሙን ያገኘው ከአንድ ታላቅ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1960 የብሪታኒያ ሶማሌላንድ ነፃነቷን አገኘች፤ ከአምስት ቀን በኋላ ጁላይ 1 ከጣሊያኑ ወገን ጋር ተዋሐደች። ውሕደቱ ያመጣውን መከራ የማያውቅ የከተማዋ ሰው የለም። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን ደበደበ፤ አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከከተማዋ ከራሷ አየር ማረፊያ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሚግ ዛሬ መሀል ከተማ አደባባይ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ሆኖ ቆሟል። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ፈለሰ። ጅግጅጋ አጠገብ የነበረው የሐርትሼክ ጣቢያ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ሶማሊላንድ ሜይ 18 ቀን 1991 ራሷን ችያለሁ ብላ ካወጀች ወዲህ ከተማዋ የቆመችው በአብዛኛው በውጭ አገር ልጆቿ ገንዘብ፣ በከብት ንግድና በዘመድ ትከሻ ነው። ዓለም አቀፍ ባንክ፣ የዓለም ባንክ ብድር፣ የውጭ ፋብሪካ እንዲህ እንደ ልብ የሚገኝበት ሁኔታ አልነበረም።

የገባሁበት ሕንፃ አራት ፎቅ ነው፤ ታች ሱቅ፣ ላይ የሚከራይ መኖሪያ። ባለቤቱ ሃምሳዎቹን የጀመረ፣ ጢሙን በሒና ያቀላ ሰው ነው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቅ በተሰባበረ አማርኛ «እንደምን አደርክ» አለኝና ሳቀ። ሐርትሼክ የገባው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ውሃ በቦቴ ይመጣ እንደነበር፣ አቧራው ከምግብ ጋር ይበላ እንደነበር አጫወተኝ። የመጀመሪያ ሥራው ከመኪና ላይ ጭነት ማውረድ ነበር፤ ከዚያ የአንድ ጎማ ጠጋኝ ረዳት ሆነ። ጠጋኙ የጅግጅጋ ሰው ነበር። «የመጀመሪያውን ወር ጎማ አበላሸሁበት» አለኝ። «አልመታኝም፣ አላባረረኝም። ምሳዬንም አልከለከለኝም።» ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ከዚህ በኋላ በየሄድኩበት ያጋጠመኝ ጉዳይ በየመልኩ እሷው ነበረች፤ ተማሪ የሚያበላሸውን ማን ይችላል? ሲማርስ ማን ያበላዋል?

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሴራሚክ እየተነጠፈ ነው። የቡድኑ አለቃ ከኮምቦልቻ አካባቢ የመጣ ወሎዬ ነው፤ አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ጉልበቱ ላይ የስፖንጅ ቁራጭ ያሰረ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ። ረዳቶቹ ጋሼ ይሉታል፣ ሶማሌዎቹ ፉንዲ። ከአገር ሲወጣ ያሰበው ሐርጌሳን አልነበረም። እንደ ብዙ የወሎ ልጅ በምሥራቁ መንገድ፣ በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ ገብቶ በቦሳሶ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ሊገባ ነበር። ገንዘቡ እዚህ አለቀበት። በቀን ሠራተኝነት ሲሚንቶ ሲያቦካ ከረመና እ.ኤ.አ. በ2015 የየመን ጦርነት ሲፈነዳ ወደ በርበራ ተሻግረው ከመጡት የመናውያን አንዱ የሴራሚክ ባለሙያ ረዳት አድርጎ ወሰደው። «ወላሂ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የእሱን ባልዲ ነው የተሸከምኩት» አለኝ። «ዓይኔን ግን ከእጁ ላይ አላነሣሁም።»

ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁት። ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ይወጠራል። ማጣበቂያው በጥርሳማ ማንጠፊያ ይዘረጋል፤ መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት አለባቸው፣ አለዚያ አየር ከሥሩ ይቀራል። ሴራሚኩ ሲቀመጥ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይታሻል፣ በጎማ መዶሻ ይመታል፣ ውሃ ልክ ይጣልበታል፤ በየማዕዘኑ ትንንሽ የፕላስቲክ መስቀሎች ይገባሉ። ከዚያ አለቃው በመዶሻው እጀታ ጫፍ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። ሙሉ ድምፅ ከሰጠ ያልፋል። ክፍት ድምፅ ከሰጠ ሳይደርቅ ይነሣል። ይህን ልዩነት እኔም ከጥቂት ሙከራ በኋላ ለየሁት መሰለኝ፤ እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሌላ ሰው የሚመታውን ሰምቶ «ግራ ጥጉን አንሣው» ይላል።

የሚመታው ሌላ ሰው የከተማው ልጅ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ በቢዝነስ አስተዳደር ዲግሪ አለው። የሕንፃው ባለቤት የእናቱ ወንድም ነው፤ «አብቲ» ይለዋል። እዚህ ያስገባውም እሱ ነው። ጠዋት ላይ አንድ ትልቅ ሴራሚክ በመቁረጫው ላይ ሲጫን ጥጉ ላይ ተሰነጠቀበት። ማንም አልተናገረም። አለቃው ቁራጩን አንሥቶ አየና ለግድግዳ ሥር መሸፈኛ የሚሆን መሆኑን ለክቶ ወደ ጥግ አስቀመጠው። «አብሽር፣ ዋላል» አለው ልጁን፤ አንዷ ቃል የወሎ፣ አንዷ የሶማሌ፣ «ወንድሜ» ማለት ናት። ኋላ ለብቻችን ስንሆን ግን ሌላውን ነገረኝ። ሥራው በካሬ ነው። በካሬ የተዋዋለ ሰው ጊዜው ገንዘቡ ነው፤ ከተፈቀደው በላይ የተሰበረ ሴራሚክ ደግሞ ከሂሳቡ ይቀነሳል። «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሲማር ግን እኔን ያስከፍለኛል። እኔም አገር ቤት የምልክለት ልጅ አለኝ።»

ተመራቂው በሻይ ሰዓት አጠገቤ ተቀመጠ። ወተት የበዛበት፣ የሄል ሽታው ቀድሞ የሚደርስ ሻይ ነው። ከተመረቀ በኋላ ለስልክ ኩባንያው ቴሌሶም፣ ለገንዘብ አስተላላፊው ዳሃብሺል፣ ለሆቴሎች፣ ለእርዳታ ድርጅቶች ማመልከቻ ሲያስገባ መቆየቱን ነገረኝ። የሚጠየቀው የሥራ ልምድ ነው፤ ልምዱን የሚሰጠው ግን የለም። ከልምዱ በተጨማሪ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያውቅህ፣ የሚዋስህ፣ የጎሳህን ስም ሲሰማ ስልክ የሚያነሣልህ። የእኛ አገር ወጣትም ይህን ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። «ጓደኞቼ እዚህ መሥራቴን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው» አለኝ። እጁን አየ፤ ማጣበቂያው ጥፍሮቹ ሥር ደርቋል። «ሲያዩኝ ዲግሪውን ምን አደረግኸው ይሉኛል።»

ይህ እፍረት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሶማሌ ኅብረተሰብ ውስጥ የብረትና የቆዳ ሥራ ለዘመናት ጋቦዬ ለሚባሉት ወገኖች የተተወ ነበር፤ ከእነሱ ጋር ጋብቻ ነውር ነበር፣ ለብዙዎች ዛሬም ነው። እኛስ? ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት ያስፈለጋቸው ነገሩ አገር ስላጠፋ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ የኢትዮጵያ ወላጅ አሁንም ልጁ ቴክኒክና ሙያ ሲመደብበት «ወደቀብኝ» ይላል። ሁለቱም አገሮች እጅን ንቀው ወረቀትን አክብረዋል፤ ወረቀቱም በተራው የሚቀጥረው አጥቷል።

ሶማሊላንድ ውስጥ ትምህርት ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነው። አንደኛ ደረጃው በሶማልኛ ይሰጣል፣ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአንደኛ ደረጃ የትምህርት ክፍያ ሲቀር ብዙ ድሀ ልጅ ገባ። ፎርም ፎር ከሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በኋላ ያለው መንገድ ግን ባብዛኛው አንድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ። የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ከተከፈተ በኋላ የግሎቹ ተከታትለው መጡ፤ በከተማዋ ቅጥሮች ላይ የአዲስ ምዝገባ ማስታወቂያ ያልተለጠፈበትን ቦታ መቁጠር ይቀላል። የሚማሩት አስተዳደር፣ ሂሳብ አያያዝ፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው፤ ወንበርና ሰሌዳ ካለ ማስተማር የሚቻል ነገር። ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣ ጥገና ግን ዕቃ ይፈልጋል፣ ዕቃው ደግሞ ይበላሻል። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተመራቂዎችን በብሔራዊ አገልግሎት ወደ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች መላክ ጀምሯል። መልካም ነው፤ ግን የሚያስገባው ወደ መንግሥት ቤት ነው፣ የመንግሥት ቤት ደግሞ ጠባብ ነው።

በር የተዘጋበት ወጣት የሚያየው መንገድ ታህሪብ ነው። ቃሉ ሲነሣ ጨዋታ ይቆማል። ከሐርጌሳ በቶጎ ውጫሌ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ የሊቢያ በረሃ፣ ከዚያ ባሕሩ። ልጆቹ ለቤተሰብ ሳይናገሩ፣ ብዙ ጊዜም ገንዘብ ሳይዙ ይወጣሉ፤ ደላላው «መጀመሪያ ሂድ፣ ኋላ ትከፍላለህ» ይላቸዋል። የሚከፍለው ቤተሰብ ነው። ሊቢያ ውስጥ ማገፌ የሚባሉት አጋቾች ልጁን ያስሩትና እናቱን በስልክ ድምፁን ያሰሟታል። መሬት ይሸጣል፣ ግመል ይሸጣል፣ ዘመድ ያዋጣል። የሕንፃው ባለቤት የእህቱን ልጅ ወደ ሴራሚኩ ያመጣው የልጁ ታላቅ ወንድም በዚህ መንገድ ሄዶ ስለነበር ነው፤ ማስለቀቂያውን ከከፈሉት አንዱ ራሱ ባለቤቱ ነው። ገንዘቡን ሲያስብ ይተክዛል። «በዚያ ገንዘብ ስንት ልጅ ሙያ ይማር ነበር፣ ዋላል?» አለኝ።

እኔን የገረመኝ የመንገዱ ካርታ ነው። የሐርጌሳው ልጅ በእኛ አገር አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። የወሎውና የሐረርጌው ልጅ በእነሱ አገር አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በቶጎ ውጫሌ ጉምሩክ ላይ ይተላለፋሉ። አንዱ የተወው ሥራ ለሌላው ሲሳይ ይሆናል፤ ሁለቱም በየአገራቸው ቢያዙ ይህ መከራ ባልደረሰባቸው።

ከዚህ ሁሉ መሀል ጥርት ብሎ የታየኝ አንድ ቤት አለ። ወይዘሮ ኤድና አደን እስማኤል እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት የወሊድ ሆስፒታል። ታሪካቸው በዓለም የታወቀ ነው፤ በ2023 የቴምፕልተን ሽልማት የተሰጣቸውም ለዚሁ ሥራ ነው። በ1937 የተወለዱ ናቸው። አባታቸው ሐኪም ነበሩ፤ ልጅቷ ሙያውን መውደድ የጀመረችው በአባቷ ሆስፒታል ፋሻ እየቆረጠች፣ ዕቃ እያቀበለች ነው። ኋላ በእንግሊዝ አገር ተምረው በሙያው የሠለጠኑ የመጀመሪያዋ ሶማሊያዊት አዋላጅ ነርስ ሆኑ። በዓለም የጤና ድርጅት ሲያገለግሉ ያጠራቀሙትን ጡረታና የሸጡትን ንብረት ይዘው፣ ቀድሞ ቆሻሻ መጣያ በነበረ መሬት ላይ ሆስፒታሉን አቆሙ። ሠራተኛ አልነበራቸውም፤ የነበረው በጦርነቱ አልቋል፣ ተበትኗል። ስለዚህ ሕንፃው ሳያልቅ ማሠልጠን ጀመሩ።

እዚያ ያለው አሠራር ለጉዳዬ ከማንኛውም ጥናት በላይ ነገረኝ። ትምህርት ቤቱና የሥራው ቦታ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ተማሪዋ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሰማችውን ምጥ ላይ ካለች እናት አጠገብ ታየዋለች፤ የበረታች አዋላጅ እጇን ይዛ ታሳያታለች። ስሕተት እንዳይደርስ የሚከለክል ሰው በአጠገቧ አለ፤ ለዚያ ሰው ሰዓት የሚከፍለው ሆስፒታሉ ነው። ከተማሪዋ ድህነት አይወጣም፣ ከአዋላጇም ኪስ አይወጣም። ኤድና ለአገራቸው አንድ ሺህ አዋላጆች ለማፍራት ነው የተነሡት። ከዚያ የወጡት ልጆች ዛሬ በገጠር ብቻቸውን ያዋልዳሉ። አንዲት ወጣት ስታስረዳኝ ከምረቃው ቀን ይልቅ ያስታወሰችው ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ ያዢው» የተባለችበትን ሌሊት ነው።

ሐርጌሳ ውስጥ ወጣቱን ሙያ የሚያስተምሩ ማዕከላትም አሉ። በ1992 ከጦርነቱ ፍርስራሽ በተነሡ ወጣቶች የተመሠረተው ሃቮዮኮ የጎዳና ልጆችንና ከትምህርት የቀሩትን እያሰባሰበ ሙያ ሲያስተምር ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ቤት ባይኖር ብዙ ልጅ ጠፍቶ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ሌላ ማዕከል ግን አሳዘነኝ። የልብስ ስፌት መኪኖቹ በፕላስቲክ እንደተሸፈኑ ናቸው፤ የለጋሹ አርማ በየመኪናው ላይ ተለጥፏል። ሠልጣኞቹ ለጥቂት ወራት ይማራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ የመሣሪያ ሣጥን ይሰጣቸዋል፣ ይሸኛሉ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አስተማሪውም ይሄዳል። ከተመረቁት ውስጥ አንዱን የስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። የተማረው ኤሌክትሪክ ሥራ ነበር። የመሣሪያ ሣጥኑን የት እንዳደረሰው ስጠይቀው ዝም ብሎ መሬት አየ፤ ባለሱቁ መለሰልኝ፣ «ሸጦ በላው፤ ምን ያድርግ? ሦስት ወር ማንም አልጠራውም።»

እነዚያ ሦስት ወራት ናቸው ነገሩ ሁሉ። ወጣቱ ሙያውን በግማሽ ያውቃል፤ ቤተሰቡ «ተመርቀሃል» ብሎ እጁን አንሥቷል፤ ቀጣሪው ደግሞ ገና አላመነውም። ማዕከሉ በሪፖርቱ ላይ «ሠልጥኗል» ብሎ ዘግቶታል። ስልክ መጠገኛው ሱቅ ውስጥ ግን ያ ልጅ አሁን በማጉያ መነጽር ሥር ቺፕ ይበይዳል፤ ባለሱቁ የተበላሹ የቆዩ ስልኮችን ሰብስቦ መለማመጃ ሰጥቶታል። የምሳና የታክሲ ገንዘብ በየቀኑ ዛድ በሚባለው የሞባይል ገንዘብ ይልክለታል። ይህ ባለሱቅ ስለ ሥልጠና ፖሊሲ ሰምቶ አያውቅም፤ በየስብሰባ አዳራሹ ከምሰማው ሁሉ ግን ቀድሞ ሄዷል።

አገር ቤት ስላለው ነገር ሳልናገር አላልፍም። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያም 5.4 በመቶ። ኩረጃ የቀረበት ፈተና እውነቱን አሳየን፤ ጥሩ። ግን ያላለፉት መቶ ሺዎች የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ወደ ቴክኒክና ሙያ ተባለ። የእኛ የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ከጀርመን የተቀዳ የትብብር ሥልጠና የሚባል መልካም ሐሳብ አለው፤ ተማሪው ሰባ በመቶ በተግባር፣ ሠላሳ በመቶ በንድፈ ሐሳብ፣ ያውም ከድርጅት ጋር በመተባበር። ጀርመን ውስጥ ሠልጣኙ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ሲማር ደመወዝ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፤ ይህን የሚሸከም ትልቅ ኢንዱስትሪና የቆየ ማኅበር አለ። እኛ ጋ ሥልጠናው ተቀዳ፣ የሚሸከመው ትከሻ ግን አብሮ አልመጣም። አምስት ሠራተኛ ያለው የኮምቦልቻ ብረታ ብረት ቤት አሥር ተለማማጅ ተልኮበት፣ ኤሌክትሮዱን ማን እንደሚችል ሳይነገረው፣ ምን ያድርግ? ልጆቹን መጥረጊያ ያስይዛቸዋል፤ ቅጹ ላይ ማኅተም ይመታል። ልጆቹም ባለሙያውም አልዋሹም፤ ሂሳቡ ነው ያልተሠራው።

ከሩቅ አገር አንድ ነገር ላንሣ። የናይጄሪያ ኢግቦዎች በ1970 ከቢያፍራ ጦርነት ሲወጡ ንብረታቸው ወድሞ፣ ከተሞቻቸው ፈርሰው ነበር፤ ከሐርጌሳ ጋር የሚያስተያይ ነገር አለው። መልሶ ያቆማቸው ታዳጊውን ከነጋዴ ሥር ለዓመታት የሚያሳድር ባህላቸው ነው። ነጋዴው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፣ ሥራውን ያስተምረዋል፤ ጊዜው ሲያልቅ የራሱን ሱቅ የሚከፍትበት መነሻ ይሰጠዋል። በደል የለበትም ማለቴ አይደለም፤ መነሻውን ክዶ ልጁን ባዶ እጁን የሚያባርር ነጋዴ አለ። ዋናው ቁም ነገር ግን እዚያ አለ፤ ልጁ ሲማር የሚበላው እና ሲጨርስ የሚነሣበት ገንዘብ ከመጀመሪያው በስምምነቱ ውስጥ ተቆጥሮ ይገባል።

እኔ የማምነውን በግልጽ ልናገር። ለወጣቶች ሥራ ተብሎ ከሚመደበው ገንዘብ ለአዳዲስ ሕንፃና ለአጫጭር ኮርስ የሚወጣው ተቀንሶ፣ ሙያውን በሚያውቅ ሰው አጠገብ ለሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ወራት መዋል አለበት። ለልጁ ምሳና ትራንስፖርት፤ ለባለሙያው ለጠፋበት ጊዜ ማካካሻ፤ ለሚበላሸው ዕቃ ደግሞ የተለየ መያዣ። ማዕከሉም መመዘን ያለበት ባስመረቀው ቁጥር ሳይሆን ከዓመት በኋላ በሙያው ላይ ባለው ልጅ ቁጥር ነው። ይህን የምለው ልቤ ስለተነካ ብቻ አይደለም፤ በዓይኔ ያየኋቸው ሥራ ላይ የደረሱ ወጣቶች ሁሉ፣ ከአዋላጇ እስከ ስልክ ጠጋኙ፣ ያንን ጊዜ የተሸከመላቸው ሰው ነበራቸው።

ሌላም የፍትሕ ጉዳይ አለ፣ የወሎዬው አለቃ ነገር። እሱ የሠራቸው ወለሎች በዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ይረግጣቸዋል፤ ነገ ኮምቦልቻ ቢመለስ ግን በማንኛውም መሥሪያ ቤት ዓይን ሙያ የሌለው ሰው ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የሙያ ብቃት ምዘናን ሙያውን የትም ለተማረ ሰው ክፍት አድርጎታል፤ ከትምህርት ቤት ወጣህ አልወጣህ አይባልም፣ እጅህን አሳይ ነው። ሲኦሲ የሚባለው ይህ ምዘና ይህን ያህል ቀላል እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነገር ነው። «ጅግጅጋ ሄጄ ብፈተን ይሰጡኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ሕጉ አዎ። ግን መዛኝ ወደ ሐርጌሳ በየጊዜው ቢመጣ፣ ቆንስላችን ስም ቢመዘግብ፣ በዚህች ከተማ ስካፎልድ ላይ ያሉ ስንት ግንበኞች፣ ለሳኞችና ኤሌክትሪሻኖች ወረቀታቸውን ይዘው ይገቡ ነበር! እነሱም በተራቸው አገር ቤት ልጅ የሚያሠለጥኑ ይሆናሉ፤ አስተማሪ አጥተናል የሚሉት ኮሌጆች ይህን ቢያስቡበት።

ከሐርጌሳ ከመነሣቴ በፊት ባለቤቱና አለቃው ስለሚቀጥለው ሕንፃ ሲነጋገሩ አብሬ ተቀምጬ ነበር። ባለቤቱ የእህቱ ልጅ እንዲቀጥል፣ ከሠፈሩም ሌላ ልጅ እንዲጨመርበት ይፈልጋል። አለቃው እሺ አለ፤ ግን በካሬው ዋጋ ላይ ትንሽ ይጨመርልኝ፣ ልጆች ይዤ እንደ ብቻዬ መፍጠን አልችልም አለ። ተከራክረው ተስማሙ። የልጆቹን ምሳና ትራንስፖርት ባለቤቱ ለስድስት ወር በዛድ ሊከፍል ቃል ገባ። ተመራቂው በዲግሪው ሂሳብ አያያዝም ስለተማረ የሥራውን ደብተር እሱ እንዲይዝ ሆነ፤ በየቀኑ ስንት ካሬ እንደተነጠፈ፣ ስንት ካርቶን እንደወጣ እዚያው ላይ ይጻፋል። አለቃው ይህን ወደደው፤ ደብተር ይዞ አያውቅም፣ ብዙ ጊዜም ተከራክሮ ተሸንፏል። የሚሰበረው ሴራሚክ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ባለቤቱ ከመቶ አምስት እኔ እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ በአንተ ነው አለ። አለቃው ለተማሪ አምስት አይበቃም፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አሥር ይሁን አለ። ተመራቂው ደብተሩን ከፍቶ እስካሁን የተሰበረውን መቁጠር ጀመረ።